የመሃሉ ቁጥር

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ልሞክረው የፈለግሁት በተማሪነቴ ዘመን በቃሌ ያጠናሁትን፣ ነገር ግን በገዛ እጄ አስልቼው የማላውቀውን አንድ የቆየ ስሌት ነበር። ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን የተባሉትን ሦስት ንጥረ ነገሮች መርጬ የአቶም ክብደታቸውን በተርታ ጻፍሁ፤ 35.45፣ 79.90፣ 126.90። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደምሬ ለሁለት ስከፍለው 81.18 ገደማ መጣ። የመሃለኛው የብሮሚን ክብደት 79.90 ስለሆነ ውጤቱ ይቀራረባል እንጂ አይገጥምም። ተፈጥሮ ሥርዓት አላት ብሎ ለሚያምን ሰው እንዲህ ያለው ትንሽ ልዩነት ከትልቅ ልዩነት ይልቅ እረፍት ይነሣል፤ ትልቁ ልዩነት ሐሳቡን በአንድ ጊዜ ያስጥላል፣ ትንሹ ግን ለመተውም ለመያዝም አይመችም።

ቀጥዬ ክብደቶቹን ሰረዝሁና በቦታቸው የአቶም ቁጥራቸውን፣ ማለትም በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ውስጥ ያላቸውን ተራ ቁጥር አስገባሁ፤ 17፣ 35፣ 53። 17 እና 53 ሲደመሩ 70 ይሆናሉ፤ የ70 እኩሌታ ደግሞ 35 ነው። ትርፍም ጉድለትም የለውም። ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየምን ሞከርሁ፤ 3፣ 11፣ 19 ናቸው፤ መሃሉ ልክ 11 ነው። ካልሲየም፣ ስትሮንቲየምና ባሪየም 20፣ 38፣ 56 ናቸው፤ መሃሉ ልክ 38 ነው። ድኝ፣ ሴሌኒየምና ቴሉሪየም 16፣ 34፣ 52 ናቸው፤ መሃሉ ልክ 34 ነው። እስከዚያ ማታ ድረስ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ለእኔ በቃል የሚያዝ የስም ዝርዝር ነበር። ያን ማታ ግን አንድ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት በጭላንጭል ያየውን ነገር፣ መብራቱ ከበራ በኋላ ገብቼ ያየሁት ያህል ተሰማኝ።

ያ ሰው ዮሐን ዶበራይነር ነው። በጀርመኗ የና ከተማ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረው ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1829 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጠባያቸው የሚመሳሰል ንጥረ ነገሮች ሦስት ሦስት እየሆኑ እንደሚቧደኑ፣ የመሃለኛውም ክብደት የሁለቱ ዳርቻዎች አማካይ ገደማ እንደሚሆን አመለከተ። የክሎሪን ቤተሰብ ይህን ለዓይን ሳይቀር ያሳያል። ክሎሪን ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ጋዝ፣ ብሮሚን ቀይ ቡናማ ፈሳሽ፣ አዮዲን ደግሞ ጠቆር ያለ ጠጣር ነው፤ ሦስቱም ከሶዲየም ጋር ሲዋሐዱ ነጭ ጨው ይሆናሉ። ብሮሚን በመልኩም በጠባዩም በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ ክብደቱም መካከል ላይ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዶበራይነር በእጁ የነበረው መለኪያ ሚዛን ብቻ ነበር። ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897፣ የአቶም እምብርት የሆነው ኒውክለስ የታወቀው በ1911 ስለሆነ፣ አቶም ውስጥ ሊቆጠር የሚችል ነገር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ያየው ሥርዓት እውነተኛ ነበር፤ የቆጠረው ነገር ግን ሌላ ነበር። በንጥረ ነገሮች ታሪክ ውስጥ ይህ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው፤ የቁጥር ሥርዓት አለ ብለው የተነሡት ሰዎች አብዛኞቹ የሳቱት ሥርዓቱን ሳይሆን የሚቆጠረውን ነገር ነበር።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ዊልያም ፕራውት ነው። ይህ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1815 የንጥረ ነገሮች ክብደት ሁሉ የሃይድሮጅን ክብደት ሙሉ ብዜት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ጥቂት ቆይቶም ቁስ ሁሉ የተሠራው ከሃይድሮጅን ሳይሆን አይቀርም አለ። ካርቦን 12፣ ናይትሮጅን 14፣ ኦክስጅን 16፣ ሶዲየም 23 መሆናቸውን ለሚያይ ሰው ሐሳቡ ልብን ይስባል። እንቅፋት የሆነው ክሎሪን ነው። ክሎሪን ምንም ያህል ጊዜ በጥንቃቄ ቢመዘን 35.5 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ሙሉ ቁጥር ለመሆን ግማሽ ይጎድለዋል ወይም ግማሽ ይተርፈዋል። ቤልጅጋዊው ኬሚስት ዣን ስታስ በዘመኑ አቻ ያልተገኘለትን የምዘና ሥራ ሲጀምር የፕራውት ሐሳብ ትክክል ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሲጨርስ ግን ሐሳቡ ሕልም ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ለስታስ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ የወደደውን ሐሳብ የገዛ ሚዛኑ ሲቃወምበት ሚዛኑን አምኗልና።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1913 ፍሬደሪክ ሶዲ አይሶቶፕ የሚለውን ስም አወጣ፤ በኬሚስትሪ ጠባያቸው አንድ የሆኑ፣ በክብደት ግን የሚለያዩ አቶሞች አሉ ማለት ነው። ከ1919 ጀምሮ ፍራንሲስ አስተን በሠራው መሣሪያ አቶሞችን በየክብደታቸው እየለየ ሲመዝን ክሎሪን የሁለት ዓይነት አቶሞች ድብልቅ ሆኖ ተገኘ። ከአራት የክሎሪን አቶሞች ሦስቱ ገደማ ክብደታቸው 35፣ አንዱ ገደማ 37 ነው። ሦስት ጊዜ 35 105 ነው፤ 37 ሲጨመርበት 142 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል 35.5 ይወጣል። አንድም የክሎሪን አቶም 35.5 መዝኖ አያውቅም። መቶ ዓመት ሙሉ የፕራውትን ሐሳብ ሲያፈርስ የኖረው ያ ግማሽ፣ በየትኛውም አቶም ውስጥ የሌለ፣ ከመደባለቅ ብቻ የመጣ አማካይ ነበር። (የአንድ አቶም ክብደት ለብቻውም ሲመዘን ከሙሉ ቁጥር በጥቂቱ ዝንፍ ይላል፤ የኒውክለሱ ክፍሎች ሲተሳሰሩ የሚወጣው ኃይል ከክብደታቸው ላይ ስለሚቀነስ ነው። ይህ ዝንፈት ፀሐይ የምታበራበት ምክንያት ጭምር መሆኑን ሳስብ እንደ ጉድለት ልቆጥረው አልችልም።) ስታስ በሚዛኑ አልተሳሳተም፤ ፕራውትም በመሠረቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። አንዱ የመዘነው ድብልቁን ነው፤ ሌላው የገመተው ስለ ነጠላው አቶም ነው።

ሁሉም የቁጥር ሥርዓት ግን እንዲህ አይድንም። በ1866 ጆን ኒውላንድስ ለንደን ውስጥ በኬሚስቶች ማኅበር ፊት ቀርቦ፣ ንጥረ ነገሮች በክብደት ቅደም ተከተል ሲደረደሩ በየስምንተኛው ተመሳሳይ ጠባይ እንደሚደገም አስረዳ፤ ነገሩንም ከሙዚቃ ድምፆች መደጋገም ጋር አመሳሰለው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በፊደል ተራ ደርድረህ ሞክረሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ እንደ ስድብ ይጠቀሳል፤ በእርግጥም ከባድ ቃል ነው፤ ኒውላንድስም የሚገባውን ክብር ያገኘው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1887 የሮያል ሶሳይቲን ሜዳሊያ ሲቀበል ነው። እኔ ግን ጥያቄውን በንቀቱ ምክንያት ብቻ መጣል አልወድም። ስድሳ ያህል ቁጥሮች ፊቱ ላይ ያሉ ሰው እየደመረና እየቀነሰ ቢያገላብጣቸው አንድ የሚያምር ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ያገኘው ነገር ከፊደል ተራ የሚሻል መሆኑን በምን ያውቃል? የኒውላንድስ አደራደር እስከ ካልሲየም ድረስ በጥሩ ሁኔታ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስምንቱን ለመጠበቅ ሲል ብረትን ከኦክስጅንና ከድኝ ጋር አንድ ቤተሰብ ያደርጋል። ሥርዓቱ ሲሰበር ሥርዓቱን ከማስተካከል ይልቅ ንጥረ ነገሮቹን አጨናነቀ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ ዲሚትሪ ሜንደሌቭ ሥርዓቱ በተሰበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ተወ። በ1871 ደግሞ ከአሉሚኒየም ሥር ያለው ባዶ ሳጥን ሲሞላ የአቶም ክብደቱ 68 ገደማ፣ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቡም ክብደት 5.9 ግራም እንደሚሆን አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘና ሲለካው 4.7 ሆነበት። ጋሊየምን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሜንደሌቭ ናሙናው በደንብ ያልተጣራ መሆን አለበት፣ እንደገና ይለካ ብሎ ጻፈ፤ ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ። የፊደል ተራ እንዲህ ያለ ነገር ሊነግረን አይችልም። ስለ ኒውላንድስ ለተነሣው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ሜንደሌቭም ቢሆን የሚቆጠረውን ነገር አልደረሰበትም። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ 127.6 በ126.9 መሆኑ ነው። በክብደት ተራ ቢደረደሩ አዮዲን ከኦክስጅን ቤተሰብ፣ ቴሉሪየም ከክሎሪን ቤተሰብ ሊገቡ ነው፤ ጠባያቸው ግን ይህን ፈጽሞ አይፈቅድም። ሜንደሌቭ ጠባያቸውን አምኖ ቦታቸውን አቀያየረና የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መሆን አለበት አለ። ክብደቱ ግን በትክክል የተለካ ነበር። ቦታቸውን በትክክል ሰጥቶ ምክንያቱን ሳተ ማለት ነው፤ ሠንጠረዡም ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሁ ትክክለኛ ቅርጽ ይዞ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ቆሞ ኖረ።

ትክክለኛው ቁጥር ሊኖር እንደሚችል መጀመሪያ ከጠቆሙት አንዱ በሙያው የሕግ ሰው የነበረው ሆላንዳዊው አንቶኒየስ ቫን ደን ብሩክ ነው። አንድ ንጥረ ነገር በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር የኒውክለሱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠን ሊሆን ይችላል አለ። ያረጋገጠው ግን ሄንሪ ሞዝሊ ነው። ሞዝሊ በ1913 ከካልሲየም ጀምሮ ንጥረ ነገሮችን በኤሌክትሮን እየመታ የሚያወጡትን ኤክስሬይ ፎቶግራፍ አነሣ። ፎቶግራፎቹን አንዱን ካንዱ ሥር ሲያስቀምጣቸው የጨረሮቹ መስመሮች ደረጃ ሠሩ፤ ከንጥረ ነገር ወደ ንጥረ ነገር በተገፋ ቁጥር የጨረሩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት እኩል በሆነ እርምጃ ያድጋል። ይህንንም በወረቀቴ ላይ ሞከርሁት። የብረት ዋናው የኤክስሬይ መስመር የሞገድ ርዝመት 0.1937 ናኖሜትር፣ የመዳብ 0.1542 ናኖሜትር ነው። የሞገድ ርዝመት ሲያጥር ድግግሞሽ በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሳካፍል 1.256 ሆነ፤ ስኩዌር ሩቱም 1.121 ነው። በሞዝሊ ደንብ ከእያንዳንዱ የአቶም ቁጥር ላይ አንድ ይቀነሳል፤ ብረት 26 ስለሆነ 25፣ መዳብ 29 ስለሆነ 28 ይሆናል። 28 ለ25 ሲካፈል 1.12 ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ቴሉሪየም 52ኛ፣ አዮዲን 53ኛ ሆነው ያለ ምንም ክርክር በየቦታቸው ተቀመጡ። ከዚህም በላይ፣ ስንት ንጥረ ነገር ገና እንዳልተገኘ ለመጀመሪያ ጊዜ መቁጠር ተቻለ፤ በደረጃው ላይ እርምጃው እጥፍ የሚሆንበት ቦታ ሁሉ አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነውና። 43፣ 61፣ 72 እና 75 ባዶ ነበሩ፤ አራቱም ኋላ ተገኙ፣ የመጨረሻው 61ኛው ፕሮሜትየም በ1945። ሞዝሊ ግን አንዳቸውንም ሳያይ በ1915 በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። ስለዚህ ታሪክ በጻፍሁ ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።

አሁን ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ክብደት ሲተካ የዶበራይነር ሦስትዮሽ ለምን ሳይዛነፍ ልክ ሆነ? መልሱ ያለው በሠንጠረዡ ረድፎች ርዝመት ላይ ነው። ረድፎቹ ከላይ ወደ ታች 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ንጥረ ነገሮችን ይይዛሉ፤ ድምራቸውም 118 ነው። ከክሎሪን ወደ ብሮሚን 18፣ ከብሮሚን ወደ አዮዲንም 18 እርምጃ ነው። ሁለቱ እርምጃዎች እኩል ስለሆኑ ብሮሚን ልክ መሃል ላይ ይውላል። እርምጃዎቹ እኩል ካልሆኑ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። ሶዲየም 11፣ ፖታሲየም 19፣ ሩቢዲየም 37 ናቸው፤ የሁለቱ ዳርቻዎች አማካይ 24 ሲሆን፣ እሱም ክሮሚየም ነው። ክሮሚየም በጠባዩ ከሶዲየም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በሚቀጥለው ሙከራ ፖታሲየም 19፣ ሩቢዲየም 37፣ ሲዚየም 55 እንደገና ልክ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ይገጥማል፣ አንድ ጊዜ ይስታል፤ መሳቱ ራሱ ደንብ አለው። የበለጠ ያስደሰተኝ ከገጠመው ይልቅ ይህ ነው፤ የት እንደሚስት አስቀድሞ የሚናገር ሥርዓት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን አይችልምና።

2፣ 8፣ 18፣ 32 የሚሉት ቁጥሮችስ ከየት መጡ? ለሁለት ሲካፈሉ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናሉ፤ 1፣ 2፣ 3 እና 4 በራሳቸው ሲባዙ የሚሰጡት ውጤት ነው። እነዚህን ደግሞ ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮችን በመደመር ማግኘት ይቻላል፤ 1፤ 1 እና 3 አራት፤ 1፣ 3 እና 5 ዘጠኝ፤ 1፣ 3፣ 5 እና 7 አሥራ ስድስት። ይህ የቁጥር ጨዋታ ቢመስልም እያንዳንዱ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር በአቶም ውስጥ የሚወክለው ነገር አለው። ኤሌክትሮን በኒውክለስ ዙሪያ የሚኖረው እንደ ሞገድ ሆኖ ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሆነ ክብ ቦታ ውስጥ ደግሞ ሞገድ ሊይዛቸው የሚችላቸው ቅርጾች የተወሰኑ ናቸው። እጅግ ቀላሉ ቅርጽ ክብ ነው፤ ክብን ቢያዞሩት ያው ክብ ስለሆነ ዓይነቱ አንድ ብቻ ነው። ቀጣዩ ቅርጽ በአንድ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ የተዘረጋ ነው፤ አቅጣጫዎቹም ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ፊት ሦስት ስለሆኑ ዓይነቱ ሦስት ነው። ከዚያ 5፣ ከዚያም 7 ዓይነት ይመጣል። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ባስቀመጠው መርሕ መሠረት እያንዳንዱ ዓይነት ከሁለት ኤሌክትሮን በላይ አይዝም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ 6 ሆኖ የሚታየው ቡድን የሦስቱ አቅጣጫዎች እጥፍ ነው። የምንኖርበት ዓለም ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት ያለው መሆኑ ከቦሮን እስከ ኒዮን ባሉት ስድስት ሳጥኖች ውስጥ ተጽፏል።

8፣ 18 እና 32 ለምን ሁለት ሁለት ጊዜ እንደሚመጡ ማስረዳት ግን ይከብዳል። ኤሌክትሮኖች ቦታ የሚይዙበትን ቅደም ተከተል የሚናገር የማደሉንግ ደንብ የሚባል አለ፤ የኃይል ደረጃውን ቁጥርና የቅርጹን ቁጥር (ክቡ 0፣ ቀጣዩ 1 እየተባለ የሚቆጠረውን) ደምር፣ ድምሩ የሚያንሰው ይቀድማል፣ ድምሩ እኩል ከሆነ የኃይል ደረጃው የሚያንሰው ይቀድማል ይላል። መደጋገሙን ይህ ደንብ በትክክል ይሰጣል። ዳሩ ግን ክሮሚየም፣ መዳብና ፓላዲየም ዝርዝሩን አያከብሩም፤ ፓላዲየም ደንቡ ይኖሩታል የሚላቸው ሁለት የውጭ ኤሌክትሮኖች ጭራሽ የሉትም። በ1969 ስዊድናዊው ፐር-ኦሎቭ ለቭዲን ይህ ቀላል ደንብ ከመሠረታዊው የኳንተም ስሌት በቀጥታ ተነሥቶ እንዳልተረጋገጠ አሳሰበ፤ በጉዳዩ ላይ የሚደረገው ክርክር ዛሬም አላበቃም። በኮምፒዩተር እያንዳንዱን አቶም ለየብቻው ማስላት ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስር ምክንያት መስጠት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ከወረቀቴ ላይ አንድ የመጨረሻ ነገር ላንሣ። እኩል የሆኑ ኳሶችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ደራርቦ ክምር ለሚሠራ ሰው፣ የክምሩ ኳሶች ብዛት ፎቁ በጨመረ ቁጥር 1፣ 4፣ 10፣ 20፣ 35፣ 56፣ 84፣ 120 እያለ ይሄዳል። አንድ እየዘለልን ብናነብ 4፣ 20፣ 56፣ 120 ይሆናል። 4 ቤሪሊየም፣ 20 ካልሲየም፣ 56 ባሪየም ነው፤ ሦስቱም የአንድ ዓምድ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ሳየው አዲስ ምሥጢር የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ ቆይቼ ሳጣራው ግን ክምሩም ሠንጠረዡም የሚደምሩት አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። 4 ጊዜ 1፣ 4 ጊዜ 4፣ 4 ጊዜ 9 እና 4 ጊዜ 16 ተራ በተራ ሲደመሩ 4፣ 20፣ 56 እና 120 ይመጣሉ፤ ይህም ከላይ ያየነው የረድፎች መደጋገም ነው። አቶም የኳስ ክምር አይደለም። እንዲህ ያሉ ግጥምጥሞሾችን የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንዱን ሥርዓት በአሥር ልብስ አይተው አሥር ሥርዓት ያገኙ ይመስላቸዋል፤ እኔም ለአንድ ማታ ያህል እንደዚያ አስቤ ነበር።

የቀሩት የዚህ ዓምድ አባላት፣ ማግኒዚየም 12፣ ስትሮንቲየም 38 እና ራዲየም 88፣ ልክ በእነዚያ ቁጥሮች መሃል መሃል ላይ ይውላሉ። 12 የ4 እና የ20 አማካይ ነው፤ 38 የ20 እና የ56 አማካይ ነው፤ 88 ደግሞ የ56 እና የ120። ችግሩ 120 ገና አልተሠራም። እስከ ዛሬ በስም የሚታወቀው የመጨረሻው ንጥረ ነገር 118ኛው ኦጋኔሰን ነው፤ የተሠሩት አቶሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፣ እነሱም በአማካይ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ቆይተው ይፈርሳሉ። እዚያ ጥልቀት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሳይለወጥ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ኒውክለሱ በከበደ መጠን የውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል። በወርቅ ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ ወርቅ እንደ ብር ነጭ ሳይሆን ቢጫ የሆነው፣ ሜርኩሪም በተራ ሙቀት ፈሳሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኦጋኔሰን ኒዮን ባለበት የጋዞች ዓምድ ሥር ቢቀመጥም በተራ ሙቀት ጠጣር ሊሆን እንደሚችል የሚያሳዩ ስሌቶች አሉ።

ወረቀቱን አልጣልሁትም። በግርጌው ላይ ባሪየም 56፣ ራዲየም 88 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከእነሱ ቀጥሎ አንድ ሳጥን ሠርቼ 120 የሚለውን ቁጥር ብቻ አስገብቻለሁ። ዶበራይነር ዳርቻዎቹን ይዞ መሃሉን ይፈልግ ነበር፤ እዚህ መሃሉ ታውቆ የቀረው ዳርቻው ነው። ቁጥሩን በእርሳስ መጻፍ እችላለሁ። ራዲየምን ይምሰል አይምሰል ግን የሚታወቀው፣ አንድ ሰው አንድ አቶም ሠርቶ እስኪፈርስ ድረስ ባለችው ቅጽበት ሲያየው ነው።